ዋግ የማይበላው ስንዴ አለ ወይ? 26 መልስ የፈጀ ጭቅጭቅ

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው አርሲ ውስጥ ኢተያ አካባቢ አድጎ አሁን አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ነው። አባቱ ስንዴ አምራች ናቸው። የጻፈው አጭር ነው፤ ግን ያንገበግባል። ኩብሳ የሚባለው ዝርያ በሽታ አይደፍረውም ተብሎ ተዘራ፤ በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በላው። ቀጥሎ ዲጋሉ መጣ። እሱም አይደፈርም ተባለ፤ በ2013 መጨረሻ ግንድ ዋግ አወደመው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ተወያዮቹ ሁለቱን አቆጣጠር እያደባለቁ አንድ ሁለት መልስ በከንቱ አባክነዋል።) ከዚያ ጥያቄው መጣ። የሰው ዘረመል ፊደል በፊደል በሚነበብበት ዘመን ስንዴን ከዋግ ማዳን እንዴት ያቅታል? መልሱንም ራሱ ሰጠ። አላቃታቸውም፣ ገበሬው በየጊዜው አዲስ ዘር እንዲገዛ ስለሚፈልጉ ነው አለ።

የውይይቱን ክር ያጋለችው ይህች የመጨረሻዋ ክስ ናት። ባትኖር ኖሮ አራት መልስ ይዞ የሚጠፋ ጥያቄ ይሆን ነበር።

በ1ኛው መልስ የመጣችው የባሌ ልጅ ናት። በትሕትና ጀመረች፤ ለአባቱ አይዞዎት በልልኝ አለችው። ቀጥላም የአጎቷን ማሳ አነሳች። ዲጋሉው ዛላ እስኪያወጣ ድረስ አላፊ አግዳሚውን ያስቀና ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ግንዱ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ብናኝ ፈነዳ። በመሃሉ ያለፈ ሰው ሱሪው ቀልቶ ይወጣ ነበር። ኮምባይነር አልተጠራም። የሚታጨድ ፍሬ ስላልነበረ ከብት ተለቀቀበት። ስትጨርስ ጥፋቱን ሁሉ ዩጂ 99 ላይ ጣለችው።

በ2ኛው መልስ፣ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ የጠራቸው ሰው ገቡ። በስንዴ ምርምር ሠርተው ጡረታ የወጡ እንደሆኑ ነገሩን። አጻጻፋቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። ልጅቷን በለስላሳው አረሟት። ዩጂ 99 በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘ የግንድ ዋግ ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው በማግስቱ ዓመት ነው። ዓለምን ያስደነገጠው ኤስአር 31 የሚባለውን ጂን ስለሰበረ ነው። ያ ጂን ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ ወደ ስንዴ የገባ ነው፤ በብዙ አገር ለአሥርት ዓመታት ግንድ ዋግን ይዞ ቆይቷል። ዩጂ 99 እኛ ዘንድ የደረሰው በ2003 ነው። ዲጋሉ ግን እሱን ይቋቋመው ነበር። በ2010 ኩብሳ ሲወድቅ ዲጋሉ በየቦታው የተዘራውም ቢጫ ዋግንም ዩጂ 99ንም ስለሚችል ነው። የጣለው ሌላ ነው፤ ባለሙያዎች ቲኬቲቲኤፍ የሚሉት ዓይነት። ዲጋሉ በግንድ ዋግ ላይ የተማመነው ኤስአር ቲኤምፒ በሚባል ጂን ነበር፤ አዲሱ መጤ ያን ጂን ያልፈዋል። የሚገርመው፣ ይኸው መጤ ዩጂ 99 የሰበረውን ኤስአር 31ን መስበር አይችልም።

ከዚያ ጋሼ ነገሩን በምሳሌ አስረዱ። አንድ የመቋቋሚያ ጂን የአንድ ሌባ መልክ ብቻ እንደሚያውቅ ዘበኛ ነው አሉ። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን የዋጉን አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ሲያይ ማንቂያ ይሰጣል። በዙሪያው ያሉት የስንዴ ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላሉ። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ካለ ሕዋስ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያው በረሃብ ይሞታል። ዋጉ ያን ፕሮቲን ከለወጠው ወይም ከጣለው ግን ዘበኛው አያየውም። ይህን የጂን ለጂን ግጥሚያ ፍሎር የተባለ አሜሪካዊ በተልባ ዋግ ላይ ያሳየው በ1940ዎቹ ነው። እንግዲህ አንድ ዝርያ አንድ ዞን ሙሉ ሲዘራ አስቡት። ስፍር ቁጥር የሌለው ብናኝ በነፋስ ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉ መልኩን የለወጠ አንድ ብቻ ይበቃል።

ጠያቂው 3 ላይ ተመለሰ፤ አልቀዘቀዘም። እንዲህ ከሆነ የእኔ ክስ ልክ ነው ባይ ነው። አንድ ዘበኛ እንደማይበቃ እያወቃችሁ ባለ አንድ ዘበኛ ዘር ሰጣችሁን አላቸው። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ጥያቄው ግን ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ ሳነበው ጋሼ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሼ ከመመለሳቸው በፊት 4ኛው መልስ ደረሰ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ስለ ጂን የሚወራው ሁሉ የፈረንጅ ጂኤምኦ (ጂኑ በላቦራቶሪ የተለወጠ ዘር) መንገድ መጥረጊያ ነው፣ አያቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ በልተው ኖረዋል፣ አለቀ። ብዙ የድጋፍ አውራ ጣት አገኘ። እንዲህ ያለ መልስ ሁሌም ያገኛል።

ከክሩ ሁሉ የወደድኩት 5 ነው። የጻፈችው በዕፅዋት ማዳቀል ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ልጅ ናት። 4ን ሳትሰድብ፣ ተወያዮቹ ያምታቱትን ሁለት ነገር ለየችው። ስንዴ ከስንዴ ጋር ማዳቀል የጥንት ሥራ ነው። የአንዱ የአበባ ብናኝ ከመድረሱ በፊት በወረንጦ ይለቀማል፤ የሌላው ይነሰነስበታል። አሁን የተለወጠው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ከተዳቀለው ዘር ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ከየቡቃያው ትንሽ ቅጠል ይቆረጥና ዲኤንኤው ይወጣል። በኮሮና ጊዜ ስሙን በለመድነው ፒሲአር፣ የሚፈለገው ጂን አጠገብ ያለች ምልክት አለች ወይስ የለችም ተብሎ ይታያል። ማርከር የሚሏት ይህችን ነው። ምልክቷ የሌለው ቡቃያ ይጣላል፤ ያለው ያድጋል። ወደ ስንዴው ከውጭ የገባ ምንም የለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እዚህ ላይ ልጅቷ ለጠያቂው የ3 ንዴት ሳታስበው መልስ ሰጠች። አንድ ስንዴ ጠንካራ ጂን ካለው ማሳ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ ጂን ቢኖረውም ባይኖረውም ያው ንጹሕ ነው። ሦስትም ቢሆን ያው። አዳቃዩ የፈለገውን ያህል ዓይነ ስል ቢሆን፣ ባለ አንድ ጂኑን ከባለ ሦስቱ በዓይኑ መለየት አይችልም። ስለዚህ ጂን በጂን ላይ መደረብ ለረጅም ጊዜ የዕድል ጉዳይ ነበር። ማርከር ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ የተሸፈነውን ሁለተኛና ሦስተኛ ጂን ያሳያል። ባለ ሦስት ጂኑን ለመስበር ዋጉ በአንድ ጊዜ ሦስቱንም ፕሮቲኖቹን መለወጥ አለበት፤ ይህ ደግሞ ለዋግም ቀላል አይደለም።

ጋሼ 6 ላይ ልጅቷን አመሰገኑ። ቀጥለው ግን ቆንጠጥ አደረጓት። ማርከር ጂኑ መኖሩን ይናገራል እንጂ ጂኑ ዛሬም እንደሚሠራ አይናገርም አሏት። ለዚህ ማሳ ያስፈልጋል። ገና ያልተለቀቁ እጩ የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች ኬንያ ንጆሮ ተወስደው የዩጂ 99 ቤተሰብ መሃል ይዘራሉ። የማካሮኒ ስንዴው ደግሞ ደብረ ዘይት ይፈተናል። ከየክልሉ የተሰበሰበ ግንድ ዋግ አምቦ ላይ፣ የተለያየ ጂን ባላቸው መለያ ስንዴዎች ላይ ተረጭቶ ማንን እንደሚሰብር ይታያል። የ3ን ክስም አልሸሹም። ዲጋሉ በወጣበት ዘመን ለብዙዎቹ ጂኖች የሚታመን ማርከር አልነበረም ብለው መለሱ። ጠያቂው ይህን በዝምታ አለፈው፤ እኔ እንደ ግማሽ ዕርቅ ቆጥሬዋለሁ።

ከ7 እስከ 9 ያለው ከርዕሱ ወጥቶ ጠፋ። አንዱ የፀረ ዋግ መድኃኒት ዋጋ አነሳ። ሌላው የተቀላቀለ መድኃኒት ተሸጦልኛል አለ። ሦስተኛው የኮምባይነር ኪራይ በኩንታል ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ፤ ከስንዴው ጥያቄዎች ሁሉ ፈጣን መልስ ያገኘው እሱ ነው።

ወደ መስመር የመለሰን 10 ነው። በሙያው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሁሉም ጂን እንደዚያ ዘበኛ አይደለም አለ። ኤልአር 34 የሚባል አለ፤ ቅጠል፣ ቢጫና ግንድ ዋግን አንድ ላይ ያዘገያል። ከመቶ ዓመት ያላነሰ ማሳ ላይ ቆይቷል፤ እስካሁን የሰበረው ዋግ የለም። ተመራማሪዎች በ2009 ጂኑን ራሱን ነጥለው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ማርከሩ የማይስት ሆነ። ኤስአር 2 የሚባለውም ከጥንታዊ የኤመር ስንዴ በ1920ዎቹ ወደ ዳቦ ስንዴ የተዛወረ ነው፤ እሱም እየሠራ ነው። ችግሩ እነዚህ ጂኖች ዋግን ያዘገያሉ እንጂ አያጠፉም። ብቻቸውን ሲሆኑ በከባድ ወረርሽኝ አይበቁም፤ በቡድን ግን ጠንካራ ናቸው። ኪንግበርድ የሚባለው ዝርያ የሚመካው በእንደነዚህ ዓይነት ጂኖች ስብስብ ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ግን አንድ ሌላ ነገር ጨመረ። ገበሬው ቅጠል ላይ ጥቂት ዋግ ካየ ዘሩን አያምነውም። ኤልአር 34 ያለበት ስንዴ ደግሞ ዋግ ባይኖርም የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል። ንጹሕ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆመውን፣ ማለትም በአንድ ጠንካራ ጂን የቆመውን ዝርያ፣ ገበሬውም ዘር አባዡም ይመርጠዋል። እና ያ ነው ቶሎ የሚወድቀው። ይህን መልስ ብዙ ሰው ሳያየው ማለፉ ያሳዝናል። የጠያቂውን የሴራ ክስ ከማንም በላይ የመለሰው እሱ ነው።

11 ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ነው። ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ የዋግ ናሙና እሱ ያለበት ከተማ አጠገብ፣ ሴንት ፖል ላቦራቶሪ እንደሚመረመር ነገረን። የውጭ አገር ዋግ እዚያ የሚነካው በክረምታቸው፣ በበረዶው ወራት ብቻ ነው። ብናኝ ቢያመልጥ እንኳ የሚያርፍበት አረንጓዴ ስንዴ የለም። ሌላም ዜና አመጣ። በ2021 የታተመ ሥራ አምስት የግንድ ዋግ ጂኖችን በአንድ ቁራጭ ዲኤንኤ ላይ ደርድሮ ወደ ስንዴ አስገባ፤ ማሳ ላይ ተፈትኖም ጠንካራ መቋቋም አሳየ። አምስቱ አንድ ላይ ስለተሰፉ ሲዳቀልም አይበታተኑም። አንዱ ቢሰበር አራቱ ይቀራሉ።

ይህ ልውጥ ሕያው፣ ማለትም ጂኤምኦ ነው፤ ማምለጫ የለውም። 12 ይህንን ጠብቆ ዘለለበት። ቋንቋው ከ4 የከፋ ነበር፤ ሚኒሶታዊውን ባንዳ እስከማለት ደረሰ። ስድቡን ሲያልፉት ግን ሁለት ቁም ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ አገሪቱ በ2009 ያወጣችው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ጥብቅ ነበር፤ በ2015 ተሻሽሎ ላላ፣ በ2018 ቢቲ ጥጥ የሚባለው ልውጥ ጥጥ ተፈቀደ። ሕዝቡን ማን ጠየቀ? ሁለተኛ፣ ጂኖቹን አንድ ላይ የሰፋው አካል ነገ ዘሩን በማን ስም ይሸጣል? 13 ለስድቡ በስድብ መለሰ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለቱን መልሶች ሰውሮ ማስጠንቀቂያ ሰጠ።

ቁጣው የባለቤትነት ጥያቄውን አላጠፋውም። 14 ከፍራንክፈርት ገባና ገብስን አነሳ። የአውሮፓ የበልግ ገብስ፣ የቢራቸው ገብስ፣ ነጭ ዱቄት የሚመስለውን የቅጠል ሻጋታ የሚቋቋመው በአመዛኙ ኤምኤልኦ በሚባል ጂን ነው። ያ የመቋቋም ባሕርይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ገብስ የመጣ ነው። ጀርመኖች በ1937 እና 38 ለዘር ለቀማ በመጡ ጊዜ ነው የተወሰደው። ከ1979 ጀምሮ ማሳ ላይ ነው፤ አሁንም አልወደቀም። የሠሩበት በቢሊዮን ነው፣ ለእኛ አንድ ብርጭቆ ቢራ እንኳ አልላኩልንም ሲል ቀለደ። 15 ወዲያው የጤፍ ዱቄት ፓተንትን አመጣ፤ የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ ማድረጉ የተሰማው በ2019 መጀመሪያ ነው። ከዚያ ሦስት መልስ ስለ እንጀራ ሆነ።

19 ላይ ባለ ሁለተኛ ዲግሪዋ ልጅ ተመለሰች። ቁጣውን ተጋራች፤ ሳይንሱን ግን አስተካከለች። ይኸው ባሕርይ ጀርመን ውስጥም በ1942 በኤክስሬይ ተፈጥሮ ነበር፤ የእኛው ገብስ ግን ለአዳቃዮች የተመቸው ሆነ። ደግሞ ኤምኤልኦ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ሻጋታው ወደ ሕዋሱ ለመግባት ያ ጂን የሚሠራውን ፕሮቲን ይፈልገዋል። ጂኑ ከተበላሸ መግባት አይችልም። የሚያመልጠው ማንቂያ ስለሌለ ዘመናትን ይሻገራል። ቻይናውያን በ2014 ይህንኑ ጂን በስንዴ ላይ በጂን አርትዖት አጥፍተው ሻጋታውን የሚቋቋም ስንዴ አወጡ። ከሌላ ፍጡር የመጣ ጂን የለውም፤ የነበረው ጠፋ እንጂ። ይህን ልውጥ ሕያው እንበለው ወይስ አንበለው? 4 ተመልሶ እንበለው አለ። ቢያንስ አቋሙን አልለወጠም።

20 ላይ የመጣው ሰው ቅሬታ ነበረው፤ ልክም ነው። ሁላችሁ ስለ ስንዴ ትላላችሁ፣ የደቡቡ ሰው የሚኖረው በእንሰት ነው አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ ነው፤ በመቁረጫ ቢላ ሳይቀር ይተላለፋል። አንዱን ቆርጦ ቢላውን በእሳት ሳያስነካ ወደ ቀጣዩ ያለፈ ሰው በሽታውን በእጁ ያዞራል። እንሰት ደግሞ የሚባዛው ከአምቾው በሚወጣ ችግኝ ነው፤ አብዛኛው ሳያብብ ይቆረጣል። ስለዚህ ማዳቀል እንደ ስንዴ አይቀልም። ለዚህ ነው ኬንያ ያሉ የዓለም አቀፉ የሐሩር ግብርና ተቋም ተመራማሪዎች መጀመሪያ በሙዝ፣ ቀጥሎ በእንሰት ላይ የጣፋጭ ቃሪያ ጂኖችን የሞከሩት። ያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ቆጮው ያቃጥላል ወይ የሚል ቀልድ። ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር ይገባው ነበር። ስንዴን በማርከር ብቻ ማሻሻል ይቻላል የሚል ሰው እንሰት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል መስማት እፈልግ ነበር።

22 እኔ ነኝ። በቴክኖሎጂው ላይ የምጨምረው አልነበረም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ገበሬው የሚያውቀው የዝርያውን ስም ብቻ ነው። ከስሙ ጀርባ ስንትና የትኛው ጂን እንዳለ ላቦራቶሪው ያውቃል፤ ከረጢቱ ላይ ግን አይጻፍም። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዝርያዎች በአንድ ጂን የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው ሁለቱን ዘርቶ አደጋውን የከፋፈለ ይመስለዋል። ዋጉ ግን ስም አያነብም። በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረው ማርፕል የሚባል ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የቢጫ ዋግን ዓይነት ዲኤንኤውን አንብቦ በሁለት ቀን ይለያል፤ ድሮ ወራት ይፈጅ ነበር። የዋጉን ማንነት በሁለት ቀን እያወቅን የስንዴውን ማንነት ከባለቤቱ መደበቅ አይገባም ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ 23 ላይ መደበቅ የሚለውን ቃል አልወደዱትም። ዝርያ ሲለቀቅ በሽታ የመቋቋም መረጃው ይጻፋል፣ ጥናቱም ይታተማል፣ ማንም አልደበቀም አሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን እንግሊዝኛ መጽሔት ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ለኢተያ ገበሬ ከተደበቀ በምን ይለያል? ይህን አልመለሱልኝም።

የመለሰችልኝ የባሌዋ ልጅ ናት፣ 24 ላይ፣ ያኔ እንደጀመረችው ትሑት ሆና አይደለም። ከረጢቱ ላይ ብትጽፉስ? ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚመጣለት ዘር አንድ ዓይነት ነው። እሱም ዝናቡ ከገባ በኋላ። መምረጥ የሚቻለው ሁለት ነገር ሲኖር ነው። አዳቃዩ አሥር ጥሩ ዝርያ ቢያወጣ፣ አባዡ አንዱን ብቻ ካበዛ፣ ዞኑ ሙሉ በአንድ ጂን ይዘራል፤ ዲጋሉም የሆነው ይኸው ነው። ለዚህ የምለው አልነበረኝም።

ጠያቂው 25 ላይ ስለ ሴራው ምንም አላነሳም። አባቱ ዘንድሮ ከሁለት ጎረቤት ዘር ለውጠው ማሳውን ለሁለት ዝርያ ሊከፍሉ እንዳሰቡ ጻፈ፤ የሁለቱንም ስም አስቀመጠ። 26 ጋሼ ናቸው። ስሞቹን አይቻለሁ፣ ወላጆቻቸው አንድ እንዳይሆኑ የድሮ መዝገቤን ላገላብጥ፣ እስከዚያ አባትህ አይዝሩ አሉት።